ከኮርኒሱ የወረደው አርባ ዓመት

ለማልጠግብሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ተነስቶ፣ የስንዴውን ማሳ ሁሉ አቋርጦ፣ ሊፍቱ ከተበላሸው ሦስተኛ ፎቅሽ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ይድረስሽ። እንዴት ነሽልኝ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? የዊኒ ጥርስ ብቅ አለ ወይስ አሁንም እንደ ፖፕ በድዷ ነው የምትስቀው? በላክሽው ፎቶ ላይ የሶፋውን ጠርዝ ስትግጥ አይቻት አንጀቴን በላችኝ። እኛ ደህና ነን። አያቶቻችን ናንና ፖፕም ደህና ናቸው። ናን ደህና መሆናቸውን የማውቀው እኔን ስለሚቆጡ ነው፤ ፖፕ ደግሞ ደህና መሆናቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው በቀን አራት ጊዜ ያውጃሉ። እማማ እዚያ ሰሜን፣ ማዕድን ማውጫው ካምፕ ውስጥ፣ ለአራት መቶ ወንዶች ድንች እየላጠች ነው። ተራዋ ደርሶ የምትመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ያለ ሳንሱር ይወጣል።

በወረቀት ጻፊልኝ ማለትሽ ትክክል ነው። ሞባይሌ በናን መሳቢያ ውስጥ ታስሯል። ክሱ የፖፕን ሰው ሠራሽ ጥርስና አንዲት ዶሮን የሚመለከት ስለሆነ ዝርዝሩን በአካል እነግርሻለሁ። በወጥ ቤቱ ስልክ ስንነጋገር ደግሞ ናን አጠገቤ ቆመው «ደህና ነው በያት፣ ደህና ነው በያት» እያሉ እንደሚያስጠኑኝ ለካ ይሰማሽ ኖሯል። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። የቤት ኪራይ ውልሽ በወሩ መጨረሻ ሊያልቅ ነው፤ ሥራ ስትገቢ ዊኒን የሚይዝልሽ ሰው የለም፤ ፖፕና ናን «ነይ፣ ኋላ ክፍሉ ባዶውን ነው» ይሉሻል፤ አንቺ ደግሞ ልትድህ በተነሳች ሕፃን ምክንያት ልብሽ ለሁለት ተከፍሏል። «ከቤተሰቡ ሁሉ ስትዋሽ የምታስታውቀው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ እውነቱን አንቺ ንገሪኝ» ብለሽኛል። ስድቡን ተቀብያለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ልናዘዝ። እኔ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «ነይ» ብዬ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በፖፕ ቀልድ የምስቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ ሸክሙ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ግን ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ሳልነግርሽ «ነይ» ብል ነገ ዓይንሽን ማየት አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ልትመጪ ማሰብሽ እንደተሰማ ፖፕ ወጥ ቤቱ መሐል ቆመው ንግግር አደረጉ። ንግግሩን ታውቂዋለሽ። «አባቴ በዚያ የእርሳስ ማቅለጫ ጭስ ማውጫ ሥር ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖሮ ነው የሞተው» ከሚለው ይነሳል። ቅድመ አያታችን በመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታት አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ሳል ጨርሰው እንደማያውቁ፣ «ደህና እደሩ» ማለት ሲጀምሩ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚነጋበት ግን ንግግሩ ውስጥ አይገባም። ቀጥሎ ወደ ራሳቸው ዞሩ። «እኔም ማቅለጫው ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምን ጎደለኝ?» አሉ። ናን ከሳህን ማጠቢያው ቀና ሳይሉ «ልዘርዝርልህ?» አሏቸው። ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ።

የነፋሱን ነገር መቼም አትረሺውም። ያው እንደ ድሮው ነው። የቢቨርሊ የወጥ ቤት መስኮት ከጭስ ማውጫው ትይዩ ስለሆነ የሰፈሩ የነፋስ ሹም አሁንም እሷ ናት። ጭሱ ከሰሜን ወደ እኛ ዘንበል ሲል ለናን ደውላ «ዞሯል» ትላለች። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። ናን ለሚቀጥለው ቤት ይደውላሉ፣ ያም ለሚቀጥለው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመንገዳችን ሴቶች ግማሾቹ ፀጉራቸውን በመጠቅለያ እንደጠቀለሉ፣ ግማሾቹ በአንድ እግር ጫማ፣ ያሰጡትን ልብስ ለመልቀም ግቢያቸው ውስጥ ሲራወጡ ታያለሽ። ታዲያ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው ማን ይመስልሻል? ፖፕ። ለኳስ ማንከባለል ጨዋታ ክበባቸው የሚለብሷትን ነጭ ሱሪ አቅፈው በሩጫ ይገባሉ። አንድ ቀን፣ ጭሱ ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ለምን እንደሚሮጡ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሰው አይጎዳም፤ ሱሪ ይጎዳል» አሉ።

ናን ግን በዊኒ ጉዳይ ቀልድ አልፈለጉም። ሳይነግሩን የልጆች ደም ወደሚመረመርበት ክሊኒክ ደውለው ነርሷ ኮራሊ መጥታ ኋላ ክፍሉን እንድታይ ቀጠሩ። ኮራሊ ማለት በዚህ ከተማ የተወለደን ልጅ ሁሉ ጣቱን ወግታ ደሙ ውስጥ ከማቅለጫው የገባ ስንት መርዛማ እርሳስ እንዳለ የለካች ሴት ናት። ትልልቅ ወንዶች እንኳን ገበያ ላይ ሲያገኟት ሳያስቡት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

ፖፕ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቤቴ እንደ ሌባ ቤት ሊፈተሽ ነው ወይ አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ነገሩን እንደ ፈተና ያዩት ጀመር፣ ፈተና ከሆነ ደግሞ መውደቅ አይወዱም። ናን ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ሰነበቱ። ግድግዳው ታጠበ፣ የመስኮቱ ደፍ ታጠበ፣ አልጋው ከነእግሩ ታጠበ፣ እኔ እንኳን በሩ ላይ ትንሽ ብቆም ልታጠብ ነበር። ፖፕ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እንደ ተቆጣጣሪ ይመላለሳሉ። ናን የረሱትን ቦታ እየፈለጉ መሆናቸውን ልገምት ይገባኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮራሊ ልትመጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ አገኙት። ኮርኒሱ!

እኔ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። ፖፕ መሰላል አቁመው፣ መጥረጊያ በአንድ እጅ፣ የድሮውን የኤሌክትሪክ መጥረጊያ በሌላ እጅ ይዘው በጣሪያው መግቢያ ሲገቡ አየኋቸው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ኮራሊ ጎበዝ ስለሆነች ማንም የማያየውን ቦታ እንደምታይ፣ እሳቸው ግን እንደሚቀድሟት ነገሩኝ። አስቢው እንግዲህ፤ ፖፕና ናን እዚህ ቤት ከገቡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። በየቆርቆሮው ስንጥቅ ሲገባ የኖረው የማቅለጫው አቧራ አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ተኝቷል። ማንም አልነካውም፣ እሱም ማንንም አልነካም። በዚህ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ኮርኒስ እንደማይነካ ያውቃል። ፖፕ ራሳቸው ዴስን፣ ጎረቤታችንን፣ «ኮርኒስህን እንዳትነካ» ብለው የመከሩት ባለፈው ዓመት ነው። ግን ያ የዴስ ኮርኒስ ነው፣ ይሄ የፈተና ኮርኒስ ነው።

ከላይ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የማስነጠስ። ከዚያ፣ «ሰሌዳው ላይ አትርገጥ፣ እንጨቱን ብቻ ርገጥ» የሚለውን የአናጢ ሁሉ ሕግ የረሳ ሰው የሚያሰማው ድምፅ። መጀመሪያ የወረደው የፖፕ እግር ነው፤ ኋላ ክፍሉ መሐል፣ ከጣሪያው፣ እስከ ጭን። ቀጥሎ አርባ ዓመቱ ወረደ። እንደ ዱቄት የላመ፣ ግራጫ፣ ድምፅ የሌለው። ናን ለአራተኛ ጊዜ የመስኮቱን ደፍ ሲወለውሉ ልክ ከሥሩ ነበሩ።

ናን አልጮኹም። አቧራው ትንሽ ገለል ሲል ቀና ብለው እግሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሌን፣ ይሄ ያንተ ነው?» አሉ፣ ፖፕን በስማቸው ጠርተው።

ከላይ «ይመስለኛል» የሚል ድምፅ መጣ።

የበሩ ደወል የጮኸው በዚያች ደቂቃ ነው። ኮራሊ የመሣሪያ ሳጥኗን ይዛ ገባች፤ ፈገግታዋ ኮሪደሩ እኩሌታ ላይ ቀረ። እሷ የምትሠራውን ግን ታውቃለች። ማንም እንዳይነቃነቅ፣ ማንም እንዳያራግፍ አዘዘች። ናንን ቀስ አድርጋ አውጥታ ወደ ገላ መታጠቢያው ሰደደቻቸው፣ የክፍሉን በር ዘጋች፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ጎዘጎዘች፣ እኔን ሻዩን እንድደፋውና እጄን እንድታጠብ ነገረችኝ። ፖፕን ከመሰላሉ አውርዳ በጓሮ በኩል ወደ ሣሩ ወሰደቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ። የፖፕ ልብስ አንድ በአንድ ወልቆ ላስቲክ ውስጥ ገባ። በክረምት፣ በሐምሌ ብርድ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሣሩ ላይ ቆሙ፤ ኮራሊ የአትክልቱን የውሃ ጎማ ከፍታ ከጭንቅላታቸው ጀምራ አጠበቻቸው። እንደ ዝሆን። ቢቨርሊ ጩኸት ሰምታ በአጥሩ ብቅ አለችና «ዞሯል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ዴስ ደግሞ ሻዩን ይዞ ወጥቶ፣ ደገፍ ብሎ፣ «ሌን፣ ፋብሪካው መልሶ ቀጠረህ ወይ?» አለ። ፖፕ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ሚስተር ፔንሮዝ እንጂ ሌን መባል እንደማይፈልጉ ለሁሉም አስታወቁ። ኮራሊም ጎማውን ወደ ጆሯቸው እያዞረች «እሺ ሚስተር ፔንሮዝ፣ እጅዎን ያንሱ» አለቻቸው።

እስከዚህ ያለውን እየሳቅሽ እንዳነበብሽ አውቃለሁ፤ እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ። የሚቀጥለውን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሁሉም ታጥቦ፣ ፖፕ በናን የመኝታ ካፖርት ተጠቅልለው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ኮራሊ የቤታችንን ማኅደር አወጣች። ለካ እያንዳንዱ ቤት ማኅደር አለው፤ የእኛው ወፍራም ነው። ገልጣ እያየች ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የነከስሽኝ! ሁለት ዓመትሽ ነበር። ምልክቱ እስካሁን አለ» ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እውነትም አለ። ኮራሁ። ከዚያ ካርዱን ወደ እኔ አዙራ፣ እንደማውቀው ሁሉ፣ «ከመንገዱ አንደኛ ነበርሽ» አለችኝ።

ካርዱ ላይ ስሜ አለ። ከስሜ ጎን ሃያ ስድስት ይላል።

እኔ ምን አውቄ። «ከስንት?» አልኳት።

ናን ሂጂና ዶሮዎቹን እዪ አሉኝ። የኮራሊ ፊት ተለወጠ፤ ያልተነገረኝ መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። ዶሮዎቹን ለማየት በሩ ድረስ ሄድኩና እዚያው ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ እንደማልሄድ ሁሉም ያውቃሉ። ኮራሊ እንድመለስ ጠርታኝ በደንብ አስረዳችኝ፤ ደግ ሴት ናት። ቁጥሩ ደሜ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ነው፤ ያኔ ከአሥር በላይ ሲሆን ይጨነቁ ነበር፣ አሁን ከአምስት ጀምሮ ይጨነቃሉ። ሳድግ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አፌ ውስጥ መክተት ስተው፣ ቁጥሩ ወርዷል። ያንቺም ካርድ አለ፤ እስከ ስድስት ዓመትሽ ከእማማ ጋር ከከተማ ውጭ እርሻው ላይ ስለነበርሽ ሰባት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከእኔ ምን እንደወሰደብኝ ጠየቅኳት። «ከአንድ ልጅ ምን እንደወሰደ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ከሺህ ልጅ ሲሆን ግን ይታያል፤ በትምህርቱም፣ አንድ ቦታ ረግቶ በመቀመጡም» አለችኝ።

ይህን ስትነግረኝ ወንበሩን በሁለት እግሩ ብቻ አቁሜ እየተወዛወዝኩ ነበር። ቀስ ብዬ በአራቱም አስቀመጥኩት። ከዚያ በሂሳብ ፈተና ሃያ ስድስት አግኝቼ እንደማላውቅ፣ ለአስተማሪዬ ካርዱን ላሳያት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ኮራሊ ሳቀች። ናን ፊታቸውን ወደ ማንቆርቆሪያው አዞሩ። ፖፕ የካፖርቱን ቀበቶ ይፈቱና ያስሩ ጀመር።

ከዚያ ናን ብዕርና የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ አመጡና ዋናውን ጠየቁ፤ ኮርኒሱን ጭንብል ያላቸው ሰዎች መጥተው በደንብ ቢያጸዱት፣ ቀዳዳው ቢደፈን፣ ክፍሉ ቀለም ቢቀባ፣ ለምትድህ ሕፃን ምን ምን ያስፈልጋታል? ኮራሊ ነገረቻቸው፣ ናንም ጻፉ። ወለሉ በየቀኑ በእርጥብ ይወልወል። መስኮቱ አይከፈት። ሣሩ ላይ አትቀመጥ፣ አፈሩን አትንካ። ከጣሪያ የተጠራቀመውን የታንከር ውሃ አትጠጣ። የጓሮ ዶሮ እንቁላል አትብላ። መጫወቻ መሬት ከወደቀ ሳይታጠብ አይሰጣት። ከውጭ የገባ ሰው ሳይታጠብ አይቀፋት። ናን መጻፋቸውን አቁመው ወረቀቱን አዩት።

«ታዲያ ልጅቷን የት ላስቀምጣት? አየር ላይ?»

ኮራሊ ሳጥኗን እየዘጋች «ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን አየር ላይም አይሆንም» አለች።

ምሳ በልተን እስክንነሳ ፖፕ ስለ አባታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንዲህ ያለ ምሳ በልተን አናውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዶሮዎቹ ጋ አገኘኋቸው። አምስት እንቁላል በኮፍያቸው ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ቆመዋል። አጠገባቸው ሆኜ በቆሎ በተንኩ። እኔን ሳያዩ፣ ለትልቋ ቀይ ዶሮ የሚነግሩ ይመስል ጀመሩ።

«ቱታችሁን እዚሁ አውልቁ፣ ታጠቡ፣ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ይሉን ነበር። መታጠቢያው ደግሞ ወረፋ አለው። እኔ አልጠብቅም ነበር። አንቺ በሩ ጋ ትጠብቂኛለሽ። ገና መኪናዬን ስታዪ ሮጠሽ መጥተሽ እግሬ ላይ ትጠመጠሚ ነበር፤ ፊትሽን ቱታው ላይ ታሻሽዋለሽ። በሕይወቴ ሮጦ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም።»

«ናንስ?» አልኳቸው።

«ናንሽ ሮጣ አታውቅም፤ ልብስ ልታስገባ ካልሆነ።»

ሳቅን። እሳቸው ሲስቁ ሳል መጣባቸው፣ ሳሉ ሲያልፍ ደግሞ «ሃያ ስድስት» አሉ፣ ዶሮዋ እንዳትሰማባቸው የፈሩ ያህል ቀስ ብለው። እኔም ነርስ መንከሴን በእርሳስ ማሳበብ እንደማይቻል፣ ያ በራሴ ጥረት የተገኘ መሆኑን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አስቀመጡ፤ ወረወሩ አላልኩሽም፣ አስቀመጡ።

አሁን ወደ ውሳኔው ልግባ። ቅዳሜ ምሳ ላይ ፖፕ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የናን ጉልበት እየባሰበት ስለሄደ በትልቁ ከተማ ያለ ሐኪም ቢያየው እንደሚሻል አስታወቁ። እኔ የናን ጉልበት ታሞ ሰምቼ አላውቅም። ናንም እንደማያውቁ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተረፈ አቧራ ለመጥረግ ወንበር ላይ ወጥተው ነበር። ፖፕን አዩዋቸው። ፖፕ ሳህናቸውን አዩ። ከዚያ ናን ቀስ ብለው እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«የትኛው ነው?» አልኩ፣ ታውቂኛለሽ፣ አያስችለኝም።

«የግራው» አሉ ናን። «የቀኙ» አሉ ፖፕ። እኩል።

ሁለቱም ነው ብለን ተስማማን።

ስለዚህ እህቴ፣ ውልሽን አድሺ። ናን የሚመጣው ሳምንት እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጡልሻል፤ አንቺ ሥራ ስትገቢ ዊኒን እየያዙ ሐኪሙን ይጠብቃሉ። ፖፕ እንደሚሉት እንዲህ ያለ ጉልበት ለመዳን ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ያኔ ዊኒ ስንት ዓመቷ እንደሚሆን አንቺ አስቢው፤ ሂሳብ የእኔ ነገር አይደለም። ሲደርሱም የትኛው ጉልበት እንደሆነ እንዳትጠይቂያቸው አደራ፤ ያነከሱበትን አምነሽ ተቀበይ። ሐኪም ዘንድ መቼ ነው የምንሄደው ብለሽም አትጨቅጭቂ።

ለገና ዊኒን ይዘሽ ብቅ ማለት ትችያለሽ፤ ፖፕ ያንን አስበውበታል። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ቢቨርሊ ትደውልልሻለች፣ ሁለት ቀን ትውያለሽ፣ ሲዞር ትመለሻለሽ። ልክ እንደ ሱሪያቸው።

እኔንም ሊልኩኝ ሞክረው ነበር። ፖፕ ለናን ሻንጣ የሚሸከም ሰው እንደሚያስፈልግ፣ እዚያ ያለው ትምህርት ቤትም ጥሩ ነው ሲባል መስማታቸውን እንደ ዋዛ ጣል አደረጉ። ሻንጣው ጎማ አለው። እሱን ነገርኳቸውና፣ እኔ ከሄድኩ በቀልዳቸው ማን እንደሚስቅ ጠየቅኳቸው። ዴስ ይስቃል አሉ። ዴስ ሳቅ ሲጀምር የሚጨርሰው በሳል ስለሆነ በእሱ መመካት እንደማይቻል አስረዳኋቸው። ጉዳዩ በይደር ቆየ። ናን ግን ሁለተኛ ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ አይቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈተናዬ እስኪያልቅ እንደማልንቀሳቀስ ለዶሮዎቹ ተናግሬያለሁ።

ኋላ ክፍሉ አሁን በፕላስተር ታሽጓል። ሰኞ ሰዎቹ ጭንብልና ማሽናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፖፕ ማንም ሳያዛቸው የጓሮ በሩ አጠገብ ባልዲ፣ ሳሙናና ፎጣ አስቀምጠዋል፤ ከአትክልቱ በመጡ ቁጥር እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ናን ያዩታል፣ ፎጣውን ይቀይሩላቸዋል። እኔ ምንም አላልኩም፤ ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንቺ ብቻ ነሽ የሚገባሽ።

እንግዲህ የዊኒ ጥርስ ሳያስለቅሳት ይውጣ። እየዳኸች የያዘችው ሁሉ ንጹሕ ይሁን፣ ብትውጠውም አይጉዳት። ለአንቺም ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ፣ ለሊፍትሽም ጤና ይስጥልኝ። ነፋስሽ ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ይንፈስ።

ይህን ስጽፍ ፖፕ ከኋላዬ መጥተው ለዊኒ ስሞሽ እንዳደርስላቸው ጠየቁኝ። ስሞሽ በደብዳቤ አይጻፍም፣ ራስዎ ወረቀቱን ይሳሙላት አልኳቸው። እሺ ብለው ወጡ፤ ቆዩብኝ። በመስኮት ሳይ ባልዲው ጋ ናቸው፤ እጃቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን፣ ከዚያ እንደገና እጃቸውን ይታጠባሉ። ተመልሰው እዚህች ጋ፣ ከስሜ በላይ ሳሙላት። ቀለሙ የተጨማለቀው ለዚህ ነው። ፊቴን በደንብ ስላላደረቅኩት ነው ብለሽ ጻፊላት አሉኝ፤ ጽፌያለሁ።

የማትረጋው ታናሽ እህትሽ